ዘጠና ስድስት ቀለበት

መምህርት ብዙነሽ የማትወደው ነገር ብዙ ነው፤ ከሁሉ የከፋው ግን ቅጽ ነው። በየካቲት መጨረሻ ዳይሬክተሩ አቶ ጌታሁን አንድ ቅጽ አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ ሲያኖር ገና ሳታነበው ደሟ ፈላ። ቅጹ ሦስት ዓምድ አለው፤ አንዱ ሳይንስ፣ አንዱ ሒሳብ፣ አንዱ ታሪክ ይላል። ከላይ በደማቁ «የተቀናጀ ትምህርት ማሳያ» ተብሎ ተጽፏል፤ ከታች ደግሞ ለየዓምዱ ለብቻው የሚፈረምበት ቦታ አለ። ሦስቱን አንድ አድርጉ የሚል ቅጽ ሦስት ፊርማ ይጠይቃል።

«ከእንግዲህ ትምህርት ተነጣጥሎ አይሰጥም» አላት ጌታሁን። «ሦስቱን በአንድ ክፍለ ጊዜ ማገናኘት ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ በወላጆች ቀን ከትምህርት ቢሮ እንግዶች ስለሚመጡ፣ ማሳያውን የሚያቀርበው የእርስዎ ክፍል ነው።»

«ድሮስ ማን ነጣጠለው?» አለች ብዙነሽ።

ጌታሁን ክፉ ሰው አይደለም፣ ችኩል ነው እንጂ። ስልኩ ሲጮኽ ጊዜ ተገላገለና ወጣ።

ለነገሩ እውነቷን ነው። ከአየር ጤና ወደ ቆሼ ቆሻሻ መጣያ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው በዚህ ትምህርት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት አስተምራለች፤ ነፋሱ ከቆሼ በኩል ሲነሳ መስኮት እያስዘጋች፣ ሲመለስ እያስከፈተች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ላደጉ ልጆች ይዘትን ያስተማረችው በቢጫ ጀሪካን ነው። ስንት ሊትር ይይዛል? ውሃው ሲሰነብት ለምን ይሸታል? የመጀመሪያው ቦኖ ለሰፈሩ መቼ ገባ? ሦስቱንም በአንድ ጠዋት አስተማረች። ያኔ «ጀሪካን ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?» ተብላ ተገሥጻበታለች። ዛሬ እነዚያው ገሣጮች ስለ ማገናኘት ሥልጠና ይሰጣሉ፤ ይሄ ነው አንጀቷን ያሳረራት።

ያም ሆኖ ቅጹ መሞላት አለበት። ብዙነሽ በመስኮት ስታይ ዓይኗ በግቢው በር አጠገብ ካለው ጉቶ ላይ አረፈ።

ጉቶው የትልቅ ጽድ ነው። ዛፉ በጥር ወር የተቆረጠው የመኪና ማቆሚያ ጠበበ ተብሎ ነበር። ግቢው ውስጥ የሚቆም መኪና የዳይሬክተሩ ብቻ ነው፤ እሱም የዓመቱን ግማሽ ጋራዥ ነው የሚያሳልፈው። የሞተር መጋዝ ይዞ የመጣው ሰውዬ ከጉልበት ከፍታ ላይ ሲቆርጥ፣ እንጨቱ ውስጥ የተቀበረ ሚስማር አጋጥሞት የመጋዙ ጥርስ ረገፈ። ግቢውን ሙሉ ተራግሞ፣ ቀሪውን በሌላ መጋዝ ጨርሶ ሄደ። ትሪ የሚያህለው የጉቶው ፊት ቀለበት በቀለበት ሆኖ ቀረ፤ ሚስማሩም እዚያው በቁመቱ እንደተጋደመ ያብለጨልጫል።

ዛፉ ሲወድቅ በሩ ላይ ቆመው ያዩት የግቢው ዘበኛ ጋሽ ዱባለ ናቸው። በወጣትነታቸው ከወላይታ መጥተው እዚያው በር ላይ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ጡረታ ከወጡም በኋላ የወላጅ ኮሚቴው አልለቅም ብሎ በኮንትራት አቆይቷቸዋል። የዚያን ቀን የመጋዙን ብናኝ ጠርገው ሲያበቁ ጌታሁንን የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጉቶው እንዳይነቀል። ምክንያቱን የጠየቃቸው የለም።

ብዙነሽ የአምስተኛ ክፍል ስልሳ ሁለት ልጆቿን ይዛ ወጣች። አልፊያ የምትባል፣ ነገር የማያመልጣት ልጅ ከአባቷ ጋራዥ ብርጭቆ ወረቀት አምጥታ ስለነበር፣ የጉቶውን ፊት በየተራ ፈገፈጉት። ቀለበቶቹ ጥርት ብለው ታዩ። ከዚያ መቁጠር ተጀመረ፤ የብዙነሽም ስቃይ አብሮ ተጀመረ። አንዱ ቡድን ሰባ አንድ አለ፣ ሌላው መቶ ሦስት። አማኑ የሚባለው፣ ሁሉን ነገር ከሁሉ ቀድሞ የሚጨርሰው ልጅ፣ ሌሎቹ አሥር ሳይደርሱ «መቶ አርባ!» ብሎ ተነሣ።

«አማኑ፣ ቁጭ በል። አንተ የቆጠርከው የጓደኞችህን ጭንቅላት ነው።»

በየአሥሩ ቀለበት አንድ አንድ እስፒል አስተከለቻቸው። ሦስት ጊዜ ተቆጠረ፣ ሦስቱንም ጊዜ ዘጠና ስድስት መጣ። ከቤተ መጻሕፍት ያወጣችው አሮጌ የሳይንስ መጽሐፍ አንድ ቀለበት አንድ ዓመት ነው ይላል። ይኼው ሳይንሱ። ከሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ላይ ዘጠና ስድስት ሲቀነስ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ሁለት፤ ይኼው ሒሳቡ። ያኔ አገሩ ምን ይመስል ነበር ብትላቸው ታሪኩም መጣ ማለት ነው። ቅጹ አለቀ።

«ቲቸር» አለች አልፊያ፣ «ጋሽ ዱባለ ግን እኔ ነኝ የተከልኩት ይላሉኮ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ጋሽ ዱባለ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ሲያዩ ነበር። «በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ፣ በሐምሌ።»

«ጋሽ ዱባለ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?» አለ አማኑ።

«ሰባ አንድ።»

«እንዴ! ታዲያ ሊወለዱ ሃያ አምስት ዓመት ሲቀራቸው ነዋ የተከሉት!»

መቼም ልጅ ሲስቅ ማቆሚያ የለውም። ስልሳ ሁለቱም ተንከተከቱ። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል፤ ቅጹ በእጇ ነው፤ ፀሐዩ አናቷን እየበሳት ነው። ብዙነሽ ቶሎ ልትገላገል ፈለገች።

«ጋሽ ዱባለ፣ ዓመተ ምሕረቱ ተምታቶብዎት ይሆናል» አለቻቸው። «ዛፍ አይዋሽም።»

ሽማግሌው «እንግዲህ ከእኔና ከዛፉ አንዳችን ዋሽተናል» ብለው ወደ በራቸው ተመለሱ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ቃሉ ገና ከመውጣቱ ብዙነሽን ቆረቆራት፤ ደወል ተደወለና ረሳችው።

ጌታሁን ቁጥሩን ሲሰማ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። «የሃያ ሁለት ዓመተ ምሕረት ዛፍ! ከጣሊያን በፊት!» እያለ በኮሪደሩ ተመላለሰ። ያስቆረጠው እሱ ራሱ መሆኑን ጨርሶ ዘንግቶታል። የሽንት ቤት በር ለማሠራት ዓመት የፈጀበት ትምህርት ቤት፣ ታፔላ በሦስት ቀን አሠራ፦ «ታሪካዊ ዛፍ። በ1922 ዓ.ም. የተተከለ።» በወላጆች ቀን በእንግዶቹ ፊት እንዲገለጥ በጨርቅ ተሸፈነ። የብዙነሽ ቅጽም በሦስት ፊርማ ተጠናቆ ወደ ላይ ተላከ።

ልጆቹ ደግሞ አዲስ ጨዋታ አገኙ። ጠዋት በበሩ ሲገቡ «ጋሽ ዱባለ፣ ጣሊያንን አይተዋል?» ይሉና ይሮጣሉ። ዘግይቶ የመጣን ልጅ ስም የሚመዘግቡት ሰውዬ «ይሄ ልጅ ዘግይቷል» ሲሉ፣ «እርስዎኮ ዓመተ ምሕረት ይምታታብዎታል» የሚል ደፋርም አልጠፋ። በሳምንቱ ጌታሁን ብዙነሽን ጠርቶ፣ ጋሽ ዱባለ የወላጆች ቀን ሲያልፍ ቁልፉን አስረክበው ሊሄዱ መሆኑን ነገራት። ሌላ ዘበኛ ከየት እንደሚያመጣ ነበር የተጨነቀው።

ብዙነሽ በእረፍት ሰዓት በሩ አጠገብ ወዳለችው የጥበቃ ክፍል ሄደች። ይቅርታ ልትጠይቅ ነበር የሄደችው፤ ከአፏ የወጣው ግን የለመደችው ቁጣ ነው።

«ጋሽ ዱባለ፣ በዚህ ዕድሜ ኩርፊያ ምንድን ነው?»

«ኩርፊያ አይደለም፣ ልጄ። አርባ ዘጠኝ ዓመት ይህን በር ጠብቄያለሁ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ ስል ሰው ቃሌን ያምነኛል። ቃሉ የማይታመን ዘበኛ ምን ይረባል? ዱላ ብቻውን በር አይጠብቅም።»

«አንድ ዛፍ ምን ያህል ነገር ነው?»

ሽማግሌው ወደ ጉቶው እያዩ ቀስ ብለው ተናገሩ። «አልማዜ የምትባል ልጅ ነበረችኝ፤ የመጀመሪያዬ። የተወለደችው እዚህ ክፍል ውስጥ ነው። እትብቷን እዚያ ጋ ቀበርኩና ጽዷን በላዩ ተከልኩ። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ኩፍኝ ወሰደብኝ። ፎቶ የላትም፤ ያን ጊዜ ማን ያነሣል። ዛፉ ነበረልኝ። መቁረጡን ቆረጡት፣ እሺ። አሁን ደግሞ አልተከልክም አላችሁኝ። ጌታ ያውቃል ብዬ ዝም ልል ነበር፤ ግን ልጆቹ ሲስቁ አልቻልኩም።»

ሃያ ሁለት ዓመት በየጠዋቱ «እንደምን አደሩ» ብላቸው ስትገባ ብዙነሽ ይህን አልሰማችም። አፈረች፣ በጣም አፈረች። ከሐፍረቷም የተነሣ ተናደደች፤ በጌታሁን ተናደደች፣ በአማኑ ተናደደች፣ ከሁሉ በላይ በራሷ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእሷ ነው። ግን ምን ትበል? ቀለበቱ ዘጠና ስድስት ነው። እሳቸውም አይዋሹም። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ የሚችሉበትን መንገድ ፍለጋ ያንን መጽሐፍ ደጋግማ ገለጠችው። አንድ ቀለበት አንድ ዓመት። ከጽሑፉ አጠገብ የዛፍ ሥዕል አለ፤ ዛፉ በረዶ ለብሷል። የየት አገር ዛፍ እንደሆነ የጻፈው ያውቃል።

መልሱ የመጣው በመጋቢት መጀመሪያ፣ ክፍልፋይ ስታስተምር ነው። የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ሳይታሰብ ወረደ። የክፍሉ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብ ሲመታው እንኳን ትምህርት የራስ ሐሳብም አይሰማም። ብዙነሽ ጠመኔዋን ወርውራ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ይሄ ጣሪያ ኮርኒስ እንዲደረግለት ስንት ጊዜ ጽፋለች! እየተበሳጨች በመስኮት ስታይ ዝናቡ ጉቶው ላይ ይዘንባል። ድንገት ተነሣች።

«ይሄ ዝናብ ምን ይባላል?» ብላ ጮኸች።

«በልግ!» አሉ።

«በሰኔ የሚገባውስ?»

«ክረምት!»

«በመካከል ግንቦት አለ፤ ደረቅ ነው። ከክረምት በኋላ በጋ አለ፤ እሱም ደረቅ ነው። እንግዲህ ዛፉ በዓመት ስንቴ ጠጥቶ ስንቴ ይጠማል?»

ቆርቆሮው እየጮኸ ስልሳ ሁለቱም አሰቡ። አማኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ አልቸኮለም። «ሁለቴ» አለ። «ሁለቴ ከጠጣ ሁለቴ ይወፍራላ። ቀለበቱም ሁለት...» ብሎ አፉን ያዘ። ጋሽ ዱባለን ያሳቀባቸው እሱ ነበር።

«በምን እናውቃለን ግን?» አለች አልፊያ። «ዛፉን አንጠይቀውም።»

እዚህ ላይ ብዙነሽ ሚስማሩ ትዝ አላት። በጳጉሜን 1999፣ ሁለት ሺህ ሊገባ ሲል፣ ለበዓሉ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሎ ነበር። የድንኳኑን ገመድ ለማሰር ከዛፉ ላይ፣ ከጉልበት ከፍታ፣ ያንን ሚስማር የመቱት ጋሽ ዱባለ ናቸው። አውራ ጣታቸውን ቀጥቅጠው ደም ሲፈሳቸው በሻሿ ያሰረችላቸውም እሷ ናት። የሚስማሩ ራስ ያኔ ቅርፊቱ ላይ ነበር፤ ከእሱ በኋላ ያለው እንጨት ሁሉ ከዚያ ወዲህ ያደገ ነው።

በማግስቱ ለጌታሁን ነገረችው። ፊቱ ተለዋወጠ።

«መምህርት፣ ቅጹ ተልኳል። ታፔላው ተሠርቷል። እንግዶቹ ዘጠና ስድስት የሚለውን አንብበው ነው የሚመጡት። በዕቅዱ መሠረት ይቅረብ፤ በኋላ ቀስ ብለን እናስተካክላለን።»

«በኋላማ ጋሽ ዱባለ ሄደዋል።»

«እሱ የአስተዳደር ጉዳይ ነው» አለ፤ ስልኩም ጮኸ።

ብዙነሽ ከሚስማሩ ወዲህ ያለውን ማንም ቀድሞ እንዳይቆጥር ልጆቹን አስጠነቀቀች፤ ራሷም አልቆጠረችም። አስቀድሞ ተቆጥሮ የመጣ ነገር ትምህርት ሳይሆን ትያትር ነው፤ ትያትር ደግሞ አትወድም። ብትሳሳት በእንግዳ ፊት ነው የምትሳሳተው።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ጉቶው ዙሪያ ወንበር ተደረደረ፤ ሦስት እንግዶች ከፊት ተቀመጡ፤ ታፔላው ጨርቁን ለብሶ ቆሟል። ጌታሁን ረጅም ንግግር አደረገ። «ማገናኘት» የሚለውን ቃል ስንቴ እንዳለው አማኑ በጣቱ ቆጥሮ ለአልፊያ አሳያት። ጋሽ ዱባለ በሩ ላይ ናቸው፤ ኮታቸውን ለብሰው፣ የቁልፉን ዘለላ በእጃቸው ይዘው፣ እንግዳው እስኪሄድ ይጠብቃሉ።

«ከሦስት ሳምንት በፊት» አለች ብዙነሽ ተራዋ ሲደርስ፣ «ዘጠና ስድስት ቀለበት ቆጥረን ዛፉ ዘጠና ስድስት ዓመቱ ነው አልን። እኔ ነኝ ያልኩት። በልጆቼ ፊት ጋሽ ዱባለን ተምታቶብዎታል ብያቸዋለሁ። ዛሬ አጣርተን እናያለን። ጋሽ ዱባለ፣ እባክዎን ይምጡልኝ።»

ጌታሁን ጉሮሮውን ጠራረገ። ብዙነሽ አላየችውም።

«ይሄን ሚስማር ማን መታው?»

«እኔ» አሉ ሽማግሌው ቀርበው። «ለሁለት ሺህ ድንኳን። ጣቴን አስረሽልኝ የለም?» አውራ ጣታቸውን አነሡ፤ ጥፍሩ እስከ ዛሬ ጠማማ ነው።

«ከሁለት ሺህ እስከ ዘንድሮ ስንት ዓመት ነው?»

«አሥራ ስምንት!» አሉ ልጆቹ።

«መጽሐፉ ልክ ከሆነ፣ ከሚስማሩ ራስ እስከ ቅርፊቱ አሥራ ስምንት ቀለበት ይኖራል። አልፊያ፣ ቁጠሪ።»

አልፊያ በእስፒል ጫፍ እየነካች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቆጠረች። አሥራ ስምንት ስትደርስ መንገዱ ገና ግማሽ ነበር። ወላጆቹ ከወንበራቸው ተነሥተው ከበቧት። ሃያ አምስት። ሠላሳ። ብዙነሽ የቅጹን ግልባጭ ጨምድዳ ይዛዋለች።

«ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስድስት። ቅርፊት» አለች አልፊያ።

«ሠላሳ ስድስት ለአሥራ ስምንት!» አማኑ ሊፈነዳ ደረሰ። «ሁለት! በዓመት ሁለት ነው! ዘጠና ስድስት ለሁለት አርባ ስምንት! ሲቀነስ...» እዚህ ላይ ቆመና ወደ ጋሽ ዱባለ ዞረ። «አሥራ ዘጠኝ መቶ ሰባ። ጋሽ ዱባለ፣ ይቅርታ።»

ከእንግዶቹ አንዱ ቅጹን ከፋይሉ አውጥቶ ያገላብጣል። «ይህ ክፍል ግን በተላከው ዕቅድ ላይ የለም» አለ። «በልግ የቀረበት ዓመትስ?»

«እሱ ቀጭን ነው፣ ግን አለ» አለችው አልፊያ ሳትጠየቅ።

«ዕቅዱ ላይ የለም» አለች ብዙነሽም፤ «ዕቅዱ የተሳሳተ ነው። ታፔላውም። አቶ ጌታሁን፣ ጨርቁን አያንሡት፤ መጀመሪያ ቀለም ያስፈልገዋል። የተከለው ሰው ስምም ይጻፍበት።»

ጌታሁን በወላጆቹ መካከል ቆሟል፤ አንዷ እናት ማጨብጨብ ስትጀምር እሱም አጨበጨበ። ብዙነሽ ወደ ሽማግሌው ዞራ የተዘጋጀችበትን ይቅርታ ልትጀምር ስትል፣ ጋሽ ዱባለ ግን እሷን አይሰሙም። ጉቶው አጠገብ ተንበርክከዋል፤ የቁልፉ ዘለላ መሬት ላይ ነው።

«ልጄ» አሉ ለአልፊያ፣ «በዓመት ሁለት ነው አልሽ አይደል?»

«አዎ፣ ጋሽ ዱባለ።»

«ከሐምሌ ጀምሮ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ፣ ስንት ቀለበት ይሆናል?»

አልፊያ ጣቷን አጣጥፋ አሰበች። «ሰባት።»

«ከመሀል ቁጠሪልኝ።»

ቆጠረችላቸው። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ሽማግሌው ጠማማ ጥፍር ያለበትን አውራ ጣታቸውን አመጡና አኖሩበት። ከመሀል እስከዚያ ያለው ከአንድ ብር ሳንቲም አይበልጥም።

«እስከዚህ ድረስ አብረው ነው ያደጉት» አሉ።

አልፊያ ከጣታቸው አጠገብ ተንበርክካ ሰባቱን እንደገና፣ አንድ በአንድ ቆጠረች፤ ልክ ነበር።